ጸበል እንሄዳለን ያሉ ጊዜ

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የአስረስ ውሸት ግን እያደር ከበደ። ቅዳሜ ማለዳ ጀሞ ካለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሲወርድ ውሸቱ በማዳበሪያ ታጭቆ ትከሻው ላይ ነበር። ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ባዶ ሃይላንድ ነው፤ ትንሹም ትልቁም። በሌላ እጁ ቢጫ ጄሪካን አንጠልጥሏል።

ነገሩ ከዕረፍት ማጣት የመጣ ነው። አስረስ መካኒሳ ፍሪጅ ይጠግናል። ሚስቱ ትሩፋት፣ ልጃቸው ኢያቄም ኦቲዝም እንዳለበት ከተነገራቸው ወዲህ ሥራዋን ትታ ቤት ውላለች። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አይናገርም። ጫማ ይደረድራል። ከደረደረው ላይ ሰው አንዱን ያነሳበት እንደሆነ ብሎኩ በሙሉ እስኪሰማ ይጮኻል። ሌሊት ይነቃል፤ እሱ ከነቃ ቤቱ ነቅቷል። ባልና ሚስት ተራ ገብተው ስለሚተኙ አልጋው ላይ የሚገናኙት ሲለዋወጡ ብቻ ሆነ። ንግግራቸውም «በላ?» «ተኛ?» ላይ ቀረ። ከዚያ ካለፈ ጭቅጭቅ ነው። ባለፈው ወር ትሩፋት ሽንኩርት እየላጠች፣ «ብንለያይ እኮ ቢያንስ አንዳችን እንተኛ ነበር» አለችው። አልተቆጣችም። አስረስን ያስደነገጠውም አለመቆጣቷ ነው።

እንደነሱ ያሉ ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። አንዷ እዚያ ላይ ጥንዶች በትንሽ ወጪ የሚያርፉባቸውን ቦታዎች ለጥፋ ነበር። ሐይቅ ዳር፣ ተራራ ሥር፣ ቁርስ ያለው፣ ቁርስ የሌለው። ከሁሉ በላይ ግን «አስቀድመው ልጅዎን የሚይዝ ሰው ያዘጋጁ» ይላል። አስረስ አንብቦ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ አይደለም። ፍሪጅ የተበላሸበትን ሰው «አስቀድመው አዲስ ፍሪጅ ይግዙ» እንደ ማለት ነው።

ልጁን ሊይዝ የሚችል አንድ ሰው ቢኖር ለቡ ያሉት የአስረስ እናት ወይዘሮ ማናዬ ናቸው። አንድ ሌሊት ወጣ ብለን እንረፍ ቢላቸው፣ «እኔ ስድስት ሳሳድግ ማን አሳረፈኝ?» አሉ። አለቀ።

በሳምንቱ በሌላ በር ገባ።

«እማ፣ ለኢያቄም ጸበል ልናመጣ ነው። ውሃ ሲያፈሱበት ስለሚፈራ ይዘንለት እንመጣለን። እዚያው አድረን እንመለሳለን።»

«ታዲያ ይህን መጀመሪያ አትለኝም ነበር?» አሉ እናቱ። «ሂዱ፤ እኔ እይዘዋለሁ። ግን ጸበል የሚሄድ ሰው ይጾማል። አልጋችሁም ለየብቻ ይሁን።»

«እሺ» አለ አስረስ፣ ጥርሱን ነክሶ።

ወይዘሮ ማናዬ ዓርብ መጡ። አስረስ በረንዳው ላይ ወጥቶ ከዝርዝሩ የመረጠውን የደብረ ዘይት ፔንሲዮን በስልክ ይከራከራል። «ሐይቅ የሚያሳየው ይቅርብን። የጓሮው ይሁን። አዎ፣ ባለ አንድ አልጋ።» እናቱ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቀና አላሉም።

ሲመጡ ግን ደረጃው ላይ ላገኟት ጎረቤት ጸበሉን ነግረዋት ኖሯል። ወደ ማታ በሩ ይንኳኳ ጀመር። ሁሉም ሃይላንዱን ይዞ መጣ። አንዷ ለዓይኗ፣ አንዱ ለጨጓራው፣ አንዷ ለባሏ ጠባይ። በመጨረሻ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ወጋየሁ ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን ይዘው ቆሙ።

«ለጉልበቴ ነው» አሉ።

«ጋሽ ወጋየሁ፣ ሃያ ሊትር ለጉልበት?»

«ሁለት ጉልበት ነው ያለኝ።»

እንግዲህ ቅዳሜ ማለዳ የወረደው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው። የታክሲው ረዳት ማዳበሪያውን አይቶ፣ «ፋዘር፣ ቁራሌው ሆንክ እንዴ? ይሄ የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል፤ ትከፍላለህ» አለው። ትሩፋት ለጸበል እንደሆነ ነገረችው። ረዳቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በቃ የአንድ ሰው ክፈሉ።»

ደብረ ዘይት ሲደርሱ ረፋድ ነበር። የክፍሉ መስኮት የሚያሳየው የልብስ ማስጫ ገመድ ነው። ትሩፋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የሚጮኽ የለም፤ የሚደረደር ጫማ የለም።

«ጸጥ ይላል» አለች።

«ይላል።»

«ያስፈራል።»

ሁለቱም ሳቁ። አስረስ በሳቁ ተበረታቶ መታጠቢያ ቤት ገባና ቧንቧውን ከፈተ። ውሃ አለ። «ነገ ስንወጣ ከዚህ እንሞላዋለን» አለ። «ማን ያውቃል?»

ሳቋ ጠፋ። «ሰው አምኖ ሰጥቶን የቧንቧ ውሃ ልታጠጣው ነው?»

«ትሩ፣ ያለን ይቺ አንድ ቀን ናት።»

«እናትህ እኮ ለኢያቄምም ይሰጡታል። እኔ ልጄን አላታልልም።»

«እሱ ምን ያውቃል?» አለ አስረስ። ተናግሮ ሳይጨርስ ተጸጸተ።

ትሩፋት ያወለቀችውን ጫማ መልሳ አደረገች። «ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው» አለች። «አንተ ግን ብለህ አታውቅም ነበር።»

አስረስ ማዳበሪያውን አነሳ።

ጸበሉ ከከተማው ወጣ ይላል። ባጃጁ እስከ አስፋልቱ ማለቂያ ወሰዳቸው፤ የቀረውን በእግር። ሰልፉ ግቢውን ዞሮ መንገድ ላይ ወጥቷል። አስረስ ጄሪካኑን በእግሩ እየገፋ በሆዱ ሁሉንም ረገመ። ቴሌግራሙን፣ ጋሽ ወጋየሁን ከነሁለት ጉልበታቸው፣ የገዛ ምላሱን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ትሩፋት ከኋላው ቆማለች።

ቆይቶ ጀርባው ላይ ክብደት ተሰማው። ዞር ሊል ሲል ተወው። ትሩፋት እንደቆመች ተደግፋው እንቅልፍ ወስዷታል። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ እሱ አልተንቀሳቀሰም።

«ወንድሜ፣ ሂድ እንጂ» አለች ከኋላ ያለች ሴት።

«እለፉ» አለ በሹክሹክታ።

ሴትዮዋ አለፈች። ከእሷ በኋላ ያሉትም አለፉ። አንድ ሽማግሌ አልፈውት ሲሄዱ አይተውት ራሳቸውን ነቀነቁ። ወገቡ ተቆረጠ፤ እግሩ ደነዘዘ። እሱ ግን እንደ ግድግዳ ቆመ።

ቀድተው ሲመለሱ ጨልሞ ነበር። ያሰቡት እራት ቀረ። የሐይቅ ዳሩ መንገድ ቀረ። ልብሳቸውን ሳያወልቁ ወደቁ፤ ቀስቃሽ ስለሌለ ፀሐይ እስኪወጣ ተኙ። ጠዋት ትሩፋት መስኮቱን ከፈተች።

«ሐይቁ በየት በኩል ነው?»

«ከገመዱ ማዶ ይመስለኛል» አለ አስረስ።

«ይሁን። ተኝቻለሁ» አለች። ከጄሪካኑ እጀታ አንዱን ጫፍ እሷ ያዘች፤ እስከ መናኸሪያው አብረው ተሸከሙት።

ጀሞ ሲደርሱ ደረጃው ከሁለተኛ ፎቅ ጀምሮ ጫማ ነው። የጎረቤት ጫማ ሁሉ በየደረጃው ተሰልፏል። ወይዘሮ ማናዬ በራፉ ላይ ቆመዋል፤ ነጠላቸው ተጣሟል፣ ዓይናቸው ቀልቷል።

«እንዴት አደራችሁ እማማ?» አለች ትሩፋት።

«አላደርኩም። ሲነጋ አየሁ እንጂ።»

ኢያቄም ማዳበሪያውን አየ። መጥቶ ሃይላንዶቹን አንድ በአንድ እያወጣ ኮሪደሩ ላይ ይደረድር ጀመር፤ ከትንሽ ወደ ትልቅ፣ ጄሪካኑን መጨረሻ ላይ። ያለ ድምፅ ይሠራል። ለዓይኗ ያስቀዳችው ጎረቤት መጥታ የራሷን ልታነሳ ስትጎነበስ ወይዘሮ ማናዬ እጇን ያዟት።

«እንዳትነኪ። ዝም ያለው ገና አሁን ነው።»

ሴትዮዋ ባዶ እጇን ሄደች። ወይዘሮ ማናዬ ለልጁ ከጸበሉ በትንሽ ብርጭቆ ሰጡት፤ ጠጣ፤ ወደ ድርድሩ ተመለሰ። እሳቸውም ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን አሹ።

«አስረስ።»

«አቤት እማ።»

«ለዚያ ለደብረ ዘይቱ ሰውዬ ደውልለት። ለሚመጣው ቅዳሜ አንድ ክፍል ይያዝልኝ። የጓሮውን አይደለም። ሐይቅ የሚያሳየውን።»

አስረስ አፉን ከፍቶ ትሩፋትን አየ። ትሩፋት ወለሉን አየች።

«ምስር ስለቅም ጆሮዬን አልደፈንኩም» አሉ እናቱ። «ስትመለስ ላዋርድህ ነበር የተዘጋጀሁት። ሌሊት ላይ ተውኩት። ከእኔ ቀጥሎ እናንተ ትሄዳላችሁ፤ ጸበል ሳትሉ። ተራ እንገባለን።»

ከታች የአቶ ወጋየሁ ድምፅ መጣ። «አስረስ፣ ጄሪካኔስ?»

ወይዘሮ ማናዬ ከወንበራቸው ሳይነሱ መለሱላቸው። «ልጁ ደርድሮታል። ሲጨርስ ይወስዳሉ።»

«መቼ ነው የሚጨርሰው?»

«እሱን አላውቅም። ጉልበትዎን አሳርፈው ይጠብቁ።»