የእንትን ሽምግልና

እኔን የከሰሰችኝ ሚስቴ አይደለችም፤ የእትዬ አረጋሽ ቆርቆሮ ነው። እትዬ አረጋሽ ቡራዩ ውስጥ አጥር የሚለየን ጎረቤታችን ናቸው። በሰፈሩ ማንም ታሞ መድኃኒት ካስተረፈ፣ ትርፉ በእሳቸው አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። ማን እንዳስተረፈው ይታወቃል፤ ለምን እንደታዘዘ ግን አይታወቅም። ለጥርስም ለወገብም ከዚያው ይታደላል።

ባለቤቴን ጂቱን ጉሮሮዋን አመማት። እትዬ አረጋሽ እንክብል ሰጧት፤ ዋጠች። ጉሮሮዋ ተዋትና ከታች ያሳክካት ጀመር። ተመልሳ ብትሄድ «አንሶሽ ነው» ብለው ጨመሩላት። ባሰባት። እንደገና ስትሄድ ቆርቆሮው ባዶ ስለነበር ጥፋቱ ወደ እኔ ዞረ።

«ባልሽ የት የት ነው የሚያድረው?» አሏት።

የማድረው ዱከም ነው። የአይሱዙ ሹፌር ነኝ፤ ከፋብሪካ ሳሙና አመላልሳለሁ። ጭነት ካልደረሰልኝ ጋቢና ውስጥ ተጣጥፌ አድራለሁ። ከጎኔ የሚያድረው የመኪና ማንሻው ክሪክ ነው።

አንድ ቀን ከዱከም ስመለስ የጂቱ ሻንጣ በር ላይ ጠበቀኝ። ዓይኗ አብጧል። «ሽማግሌ ይምጣና ይለየን» አለች። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ጂቱን ካጣሁ ወደ ቡራዩ የምመለስበት ምክንያት የለኝም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ተቀመጡ። ሰብሳቢው የጂቱ አጎት ኦቦ ባይሳ ናቸው፤ ለእርቅ እስከ ሰበታ ድረስ ይጠራሉ። እንግዲህ በሽማግሌ ፊት ያንን የሰውነት ክፍል በስሙ መጥራት ነውር ነው። ስለዚህ በሽታው «እንትን» ተባለ፤ የያዘውም ቦታ «እንትን» ተባለ፤ እኔ ዱከም ላይ አደረግኸው የተባልኩትም «እንትን» ሆነ።

«እንትኑን ያመጣኸው አንተ ነህ ወይ?» አሉ ኦቦ ባይሳ።

«የትኛውን እንትን?»

«አትቀልድ ሽመክት! እንትኑን ነዋ!»

ሳሙና ሲገዛ እንኳ ዓይነቱ ይጠየቃል። የእኔ ትዳር ግን ሚስቴን ምን እንዳመማት አንድ ሰው ሳይጠይቅ ሊፈርስ ነው። ኦቦ ባይሳ ወንበራቸው ላይ መደላደል አቃታቸው፤ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይቀመጣሉ። የቀረበውን ጆግ ውሃ ብቻቸውን ጨርሰው በየመሀሉ ወደ ጓሮ ይነሳሉ። በእኔ ተናደው መሰለኝ። ባለቤታቸው አዴ ገለቴ ቢኖሩ ያበርዱልኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ከፋሲካ ጀምሮ ሱሉልታ፣ ወንድማቸው ቤት ለጥየቃ እንደሄዱ ናቸው።

ተፈረደ። ጂቱ ሆለታ አባቷ ቤት ትሄዳለች፤ እኔ ጥፋቴን እስካምን አትመለስም። ደሜ ፈላ።

«መጀመሪያ ትመርመር!» አልኩ። «የእኔ ጥፋት ከሆነ ሻንጣዋን ራሴ ጭኜ ሆለታ አደርሳታለሁ።»

ጂቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ሉሲ ትባላለች፤ እንትን የሚባል ቃል የላትም። ያሳክክሻል ወይ፣ ሽንት ሲነካው ያቃጥላል ወይ፣ እንደ አይብ የረጋ ነጭ ፈሳሽ አለ ወይ እያለች ጠየቀቻት። ጂቱ ሁሉንም አዎ አለች። መጥፎ ሽታ አለው ወይ ስትላት ግን የለውም አለች፤ ስለ እትዬ አረጋሽ እንክብልም ነገረቻት። ናሙናውም ታየ።

«ፈንገስ ነው» አለች ሉሲ። «ዱሮም በሰውነትሽ በትንሹ ይኖራል። እንክብሉ እሱን አደብ የሚያስገዙትን ጥሩዎቹን ተህዋስያን ገደለና ሜዳውን ለቀቀለት። እርግዝናም ስኳር በሽታም ሊያመጡት ይችላሉ። ከባልሽ መጣ የሚያሰኝ ነገር የለም።»

ጂቱ እዚያው አለቀሰች። እኔም እንዳላለቅስ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የክትባት ማስታወቂያ ደጋግሜ አነበብኩ።

በሚቀጥለው እሁድ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ተቀመጡ። ጂቱ ማንም ሳይፈቅድላት ተነስታ ማሳከኩንም፣ ማቃጠሉንም፣ አይቡንም አንድ ሳታስቀር ተናገረች። አንደኛው ሽማግሌ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። እትዬ አረጋሽ ከአጥሩ ወዲያ «ኧረ የዘንድሮ ሴት!» አሉ።

«ባሌን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ» አለች ጂቱ። «እናንተም ጠይቁት።»

ማንም አልጠየቀኝም። ተመርቀን ተበተንን።

መኪናዬን ላስነሳ ስል ኦቦ ባይሳ በመስኮቱ በኩል ተጠጉ። ግራ ቀኙን አዩ።

«ሽመክት፣ እንትኑ… ወንድ ይይዛል እንዴ?»

«አንቱን ይዞዎታል እንዴ?»

የመስኮቱን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ «ከጾሙ ጀምሮ» አሉ ቀስ ብለው። «ያሳክከኛል፤ ይቀላል። ውሃ ብጠጣ ብጠጣ አልረካም። እንቅልፌን ትቼ ለሽንት ስመላለስ አድራለሁ።»

«ለማን ተናገሩ?»

«ለአረጋሽ።»

«ምን አሉዎት?»

ኦቦ ባይሳ አንገታቸውን ደፉ። «‹ሚስትዎ የት የት ነው የምትውለው?› አለችኝ።»

ልስቅ ብዬ ተውኩት። አዴ ገለቴ ሱሉልታ የሄዱት ለጥየቃ አልነበረም።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ስኳራቸው ሲለካ ሰማይ ወጥቷል፤ ፈንገሱንም ያመጣባቸው እሱ ነው ተባለ። ቅባቱንና የስኳሩን መድኃኒት ይዘን በቀጥታ ሱሉልታ ሄድን። የዚያን ዕለት ሽማግሌው እኔ ሆንኩ።

አዴ ገለቴ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። «አካም ጅርታ፣ ልጄ?» ብለው እኔን ሳሙኝ። ባላቸውን አልሳሟቸውም። ኦቦ ባይሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ገለቴ፣ አጥፍቻለሁ። ያ ነገር… እንትኑ…»

«በስሙ ጥራው» አሉ አዴ ገለቴ። «እኔን ከቤቴ ስታስወጣ፣ ጎረቤት እየሰማ ሸርሙጣ ስትለኝ አላፈርክም።»

ኦቦ ባይሳ እንዳግዛቸው ዞረው አዩኝ። እኔ ግን መልሳቸውን ጠበቅሁ።