የእድሩ ቁልፍ

ዘርፈሽዋል የእድር ሰብሳቢ የሆነችው በመቅረቷ ነው። ሌላ ምክንያት አትፈልጉለት። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አምባ ጊዮርጊስ የወለደች እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ሳለች፣ ደባርቅ የሰፈሯ እድርተኛ ሰብሳቢ ሊመርጥ ተቀመጠ። የመጣው ሁሉ እንዳይታይ አንገቱን ሰብሮ ቆየና አንዱ ብልጥ «ዘርፈሽዋልስ?» አለ። ኧረ ጭብጨባ! እምቢ የምትለዋ አፍ እዚያ የለችማ። በማግሥቱ ከሚኒባስ ስትወርድ የድንኳኑ መጋዘን ቁልፍ ጠበቃት፤ እሷም ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ማን ቢሞት ጎህ ሲቀድ የሚንኳኳው የሷ በር ነው። ጥሩንባ ነፊው ያርጋል እንኳ «ልንፋ?» ብሎ ሳይጠይቃት አይነፋም። የትኛው ምሰሶ መጀመሪያ እንደሚቆም፣ ከስሜን በኩል የሚወርደው ነፋስ እንዳይገለብጠው የድንኳኑ በር ወዴት እንደሚዞር የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ሌላው ሰው? ሌላው ጋቢውን ተከናንቦ መጥቶ «ወንበር የለም እንዴ?» ይላል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዘርፈሽዋል ለቅሶ ላይ ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። የገዛ እናቷ የሞተች ለት እንኳ ብረት ድስት ስታስወርድ ነው የዋለችው።

ዘንድሮ ባሏ ክንዴ ታመመ። ክንዴ ግንበኛ ነው፤ የሰፈሩን ግማሽ ግንብ የሠራ ሰው። እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ አለው። የመረመረው ሐኪም «ኩላሊቱ ነው፤ ጎንደር ውሰጂው፤ አትዘግዪ» አላት። ዘርፈሽዋልም ቁልፉን አስረክባ ልትሄድ ስብሰባ ጠራች።

በመጀመሪያው እሑድ ዘጠኝ ሰው መጣ። ባንክ ቤት የሚሠራው አንዱዓለም ደንቡን ገልጦ «ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም» ብሎ በተናቸው። በሁለተኛው እሑድ ሠርግ ነበር። በሦስተኛው ግን አዳራሹ ጢም አለ፤ የቀረ ሰው ሊመረጥ ነው የሚል ወሬ ስለተነዛ በሽተኛው ሳይቀር እየተደገፈ መጣ። ስሜን ፓርክ ውስጥ ሳንቃ በር ጥበቃ ላይ ያለው እንኳ ፈቃድ ጠይቆ ወርዷል! ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢያያቸው በትጋታቸው ይቀና ነበር።

«ወገኖቼ» አለች ቆማ፤ «ባሌ ታሟል። ጎንደር ልወስደው ነው። ከእናንተ መሀል አንድ ሰው ይህን ቁልፍ ይቀበለኝ።»

ወዲያው ምክንያቱ መዝነብ ጀመረ። ቆርቆሮና ሚስማር የሚነግደው አለምነህ «እኔ ሱቄን ለማን ጥዬ?» አለ፤ ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ዳማ ሲጫወት እንደሚውል አገር ያውቀዋል። መርጌታ ሀብተ ሚካኤል «እኛስ ለጸሎቱ አለን» አሉ። አንዱዓለም ቦታው ሊደርሺፕና ኮሚትመንት እንደሚፈልግ ሩብ ሰዓት ሙሉ ካስረዳ በኋላ፣ እሱ ራሱ ግን ታይም እንደሌለው ገለጸ።

ይሄኔ አለምነህ ከወንበሩ ሥር አዲስ ጋቢ አወጣ። አስቀድመው ተመካክረውበት ኖሯል!

«እትዬ ዘርፈሽዋል፣ ያለ እርስዎ እኮ እኛ ሬሳ አናነሳም። እናታችን ነዎት!» ብሎ ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣለው። ሴቶቹ እልል አሉ፣ መርጌታ መረቁ፣ ስብሰባው ተበተነ። ቁልፉ እጇ ላይ ቀረ። እዚያው ልትተፋባቸው ምንም አልቀራት። እነዚህ ደግሞ ሰው ነን ይላሉ!

ቤት ስትገባ ክንዴ ጋቢውን አይቶ ሳቀ። «በጋቢ ገዙሽ?»

«አትሳቅ። አንድ ሰው የለም ክንዴ፣ አንድ!»

«አንቺስ ብትሆኚ መች ታስነኪያለሽ? ሌላው ያሰረውን ገመድ ፈትተሽ ነው የምታስሪው።»

አናደዳት፤ እውነቱን ስለሆነ ይበልጥ አናደዳት።

በማግሥቱ ማለዳ አለምነህ ሱቅ ሄዳ ቁልፉን ዳማው ላይ ወረወረችው፤ ቆርኪዎቹ ተበታተኑ። «ያዝ ወንድሜ። እናትህ ሄዳለች» አለችው። ከዚያ ክንዴን በአዲሱ ጋቢ ጠቅልላ ሚኒባስ ውስጥ አስገባችው።

ጎንደር ያለው ሐኪም ወረቀቱን አገላብጦ «ሦስት ሳምንት ቀደም ብትሉ ኖሮ» አለ። ሦስት እሑድ! ክንዴ በዘጠነኛው ቀን ዐረፈ።

ለያርጋል ብቻ ደውላ አረዳችው። ሬሳውን ጭና ዳባትን ስታልፍ እንባ እምቢ አላት። እነዚህ ድንኳን አይተክሉም፤ ክንዴ ሜዳ ላይ ሊወርድ ነው እያለች ደባርቅ ገባች።

ድንኳኑ ግን ተተክሏል። እንዴት ያለ መትከል! በሩ በነፋሱ በኩል ተከፍቷል፣ አንዱ ጥግ ተንጋዷል፣ ገመዱ ላልቶ ይወዛወዛል። ሣጥኑ ገባ፤ ዘርፈሽዋል ከራስጌው ተቀመጠች። ገና አረፍ ሳትል አለምነህ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ መጣ።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ። ትናንት ጥሩንባው እንደተነፋ ተሰብስበን ነበር።»

«እህ?»

«ምን እናድርግ... በሌሉበት መርጠንዎታል። በሙሉ ድምፅ ነው።»

ቀና ብላ አየችው። ከኋላው መርጌታ ሀብተ ሚካኤል አሉ፣ አንዱዓለም አለ፣ ሁሉም እንደዚያ ቀን አንገቱን ሰብሯል።

«ዛሬ እኔ አለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የዛሬው ቀሪ ክንዴ ነው። በሉ እሱን ምረጡት።»

ነፋሱ መጣ። የላላው ገመድ ከካስማው ተፈታና ድንኳኑ ወደ ሣጥኑ ጎበጠ፤ ምሰሶው ሲጢጥ አለ። ሁሉም እሷን አየ። ጉልበቷ እንደ ልማዱ ሊነሳ ነበር፤ እጇም ወደ ገመዱ ሄደ። ከዚያ እጇን መልሳ የክንዴ ሣጥን ላይ አሳረፈችው። አልተነሳችም።

«ኧረ ያዙት! ሊወድቅ ነው!» ብሎ ጮኸ አንዱዓለም፣ ራሱ ሳይነቃነቅ።

አለምነህ ግራ ቀኙን አየ። ቁልፉን የሚቀበለው ሰው ሲያጣ በጥርሱ ነክሶ ያዘውና ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። ሲያስር ቋጠሮውን አየችው፤ የማይረባ ቋጠሮ ነው። ይሁን። ዘርፈሽዋል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና፣ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለቅሶ ላይ እንደ ሰው ቁጭ ብላ አለቀሰች።