ከዋሻው ማዶ ያለው ባሕር

ሐሙስ ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ አጎቴ የሥራ ቱታውን ሳያወልቅ ወደ አዳራሹ ገባና እኔ በጻፍኩት ጽሑፍ ፊት ቆመ። የጋበዝኩት ለመክፈቻው፣ ለአሥራ አንድ ሰዓት ነበር። እሱ ግን ከአጠገባችን ባለው ሕንፃ ሊፍት ሊጠግን መጥቶ ኖሮ አስቀድሞ ጎራ አለ።

ኤግዚቢሽኑ የቆዩ የቪዲዮ ጌም ማስታወቂያዎችን የሚያሳይ ነው። ከድሮ መጽሔቶች የሰበሰብናቸውን ገጾች አሳድገን በግድግዳው ላይ ሰቅለናል። በአንዱ ማስታወቂያ ሮኬት የቴሌቪዥኑን መስታወት ሰብሮ ወደ ሳሎን ይወጣል። በሌላው አንድ ዓይነት ሹራብ የለበሱ አባት፣ እናትና ልጆች ቴሌቪዥኑን ከበው ጥርሳቸው እስኪቆጠር ይስቃሉ፤ አባትየው ጆይስቲኩን የያዙት ገልብጠው ነው። በእያንዳንዱ ሥር ጌሙ በእርግጥ ምን ይመስል እንደነበረ የሚያሳይ ፎቶ አኑሬያለሁ። ያ ሮኬት ሦስት ነጫጭ ካሬዎች ብቻ ነበር። ሰው የልጅነት ደስታው በምን እንደ ተሸጠለት የማወቅ መብት አለው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህም ለኤግዚቢሽኑ ባቀረብኩት ሐሳብ መግቢያ ላይ «በዓይናችን ያላየነውን አንጽፍም» ብዬ ነበር።

አጎቴ የቆመው «ዋሻው» ከሚባለው ጌም ማስታወቂያ ፊት ነው። በሥዕሉ ላይ ፋኖስ የያዘ ትንሽ ሰው ከጥቁር ዋሻ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ቆሟል፤ ከፊቱ ሰማያዊ ባሕር ተዘርግቷል። ከላይ በትልልቅ ፊደላት «ከዋሻው ማዶ ምን አለ?» የሚል ጥያቄ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ የእኔ ቃል፦ «ይህ ባሕር በጌሙ ውስጥ የለም። ገዢን ለመሳብ ሠዓሊ የሳለው ነው።»

«ማነው ይኼን የጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እናትሽ ነቻ ያጻፈችሽ።»

በቤተሰባችን አጎቴን በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ካፒቴን» ነው የሚባለው። በልጅነቱ ጌም ቤት ይውል ነበር። አንድ ቀን የማስታወቂያ ሰዎች ወስደውት «ዋሻውን» እስከ መጨረሻው እንደ ተጫወተና ባሕሩ ሲወጣ ስክሪኑን ፎቶ እንዳነሡት ለቤተሰቡ ተናገረ። በሰፈሩ እዚያ የደረሰ ሌላ ሰው ስላልነበረ ማንም አላመነውም። እስከ ዛሬም እሱ ስለ አንድ ነገር በማለ ቁጥር እናቴ «ካፒቴን፣ መርከቡ ገባ ወይ?» ትለዋለች፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እሱም አብሮ ይስቃል።

«ጋሼ፣ ስድስተኛውን ደረጃ ያለፈ ሰው ፈልጌ አጣሁ» አልኩት። «የጠየቅኋቸው ተጫዋቾች ሁሉ እዚያ ነው የሚሞቱት።»

«እኔንስ ጠየቅሽኝ?»

አልጠየቅሁትም ነበር።

«ቤት ውስጥ ሲሆን ጨዋታ ነው፤ እኔም እስቃለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ይኼ ግን የሕዝብ ግድግዳ ነው። ማታ ልጆቼን ይዤ ልመጣ ነበር። መጥተው አባታችን ቀጣፊ ነው ብለው ያንብቡ?»

«ስምህ እኮ አልተጻፈም።»

«እነሱ ያውቁታላ።»

«"አይታወቅም" ብለን ብናስተካክለውስ?»

«"አይታወቅም" ማለት በጨዋ አፍ "ይዋሻል" ማለት ነው፣ ልጄ።»

ከኋላችን ሆነው ይሰሙ የነበሩት የአዳራሹ ኃላፊ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ። ቁጡ ሰው አይደሉም፤ ካሉት ቃል ግን ንቅንቅ አይሉም።

«የጌሙ ማሽን ከነድሮ ቴሌቪዥኑ እዚሁ አለ» አሉት። «ይጫወቱና ያሳዩን። ባሕሩ ከወጣ ጽሑፉን አሁኑኑ እንልጠዋለን። ካልወጣ ግን እንደ ተለጠፈ ይቆያል። ታዲያ ዕድሉ አንድ ብቻ ነው፤ ያዋሰን ሰው ትራንስፎርመሩ ስለሚግል ደጋግመን እንዳንከፍተው አስጠንቅቆናል።»

አጎቴ የቀኝ አውራ ጣቱን ተመለከተ። የሊፍት በር ከቀጠቀጠው ወዲህ በደንብ አይታጠፍለትም። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

እኔ መጋረጃውን ዘጋሁ፤ ባሕሩ ከወጣ ላነሣው ካሜራዬን በሦስት እግር መቆሚያው ላይ ተከልኩ።

«ቶሎ እንዳታነሺ» አለኝ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «የድሮ ቴሌቪዥን ስትቸኩዪ ጥቁር መስመር ነው የሚያወጣልሽ። ፎቶ አንሺው ያን ጊዜ እኔንም ካሜራውንም ባንድ ጥቁር ጨርቅ ሸፈነንና "እስክልህ ድረስ ንቅንቅ እንዳትል" አለኝ። ጌሙ ማቆሚያ የለውም፤ ማዕበሉ ደግሞ ይመጣል። ማዕበሉ የማይደርሰው ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ብቻ ነው።»

ወደ ማስታወቂያው ዞር አልኩ። ትንሹ ሰው የቆመው በሦስተኛው ድንጋይ ላይ ነበር። ይህን ግን ሥዕሉን ያየ ሁሉ ሊለው ይችላል ብዬ አሰብኩ፤ እንዲህ በማሰቤም አፈርኩ።

የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች አጎቴ እንደ ቤቱ ጓሮ አለፋቸው። አራተኛው ላይ ጌሙ ከሚሰጠው ሦስት ነፍስ አንዷን አጣ። ጣቱ አልታዘዝ ብሎት ትንሹ ሰው ከገደል ሲወድቅ ምላሱን ነክሶ ጨዋታውን ቀጠለ። ይህን ጊዜ የኃላፊው ስልክ ጮኸ፤ የመግቢያውን ባነር የሚሰቅሉት ሠራተኞች በር ላይ ደርሰዋል።

«መሄድ አለብኝ» አሉኝ። «አንቺ አየሁ ካልሽኝ እኔ እንዳየሁት ነው። ሌላ ማስረጃ አልፈልግም።»

በጨለማው ውስጥ እኔና አጎቴ ቀረን። የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ይሸተኝ ጀመር። አምስተኛው ላይ ሁለተኛዋ ነፍስ ሄደች፤ የቀረችው አንዲት ብቻ ናት።

«ጋሼ፣ ጣትህን ትንሽ ብታሳርፈው።»

«የት ላሳርፈው? ማቆሚያ የለውም አልኩሽ።»

ስድስተኛው ደረጃ ላይ ደረሰ። ተጫዋቾቹ ሁሉ የነገሩኝን ጉድጓድ ወዲያው አወቅሁት፤ ስክሪኑን ከሞላ ጎደል የሚሞላ ጥቁር ባዶ ነው። ሁሉም ዘልለው ሊሻገሩት ሞክረዋል፤ ሁሉም ወድቀዋል።

«ሰው እዚህ ይዘላል» አለ አጎቴ። «መዝለል አይደለም። መራመድ ነው።»

ትንሹን ሰው ቀጥ አድርጎ ወደ ባዶው አስገባው። ሰውየው አልወደቀም። እግሩ ሥር ምንም በሌለበት፣ ፋኖሱን እንደ ያዘ፣ በጥቁሩ ላይ እየተራመደ ተሻገረ።

«አየሽ?» አለኝ።

«አየሁ፣ ጋሼ።»

ከጉድጓዱ ወዲያ ማንም ያልነገረኝ ጠባብ መተላለፊያ ተከፈተ። ከጣራው ቋጥኝ ይወርዳል። አጎቴ እያንዳንዱን ቋጥኝ ከመውረዱ በፊት ያውቀዋል፤ «ቁም»፣ «ሂድ»፣ «ቁም» ይላል ለራሱ። የካሜራውን ማንሻ ቁልፍ በሌባ ጣቴ ይዣለሁ። የመተላለፊያው ጫፍ በስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ በኩል ሊታይ ምንም አልቀረውም።

«ሂድ» አለ አጎቴ፤ ጣቱ ግን አልተጫነም። ሌላውን እጁን ለማገዝ ሲዘረጋ ቋጥኙ ወረደ። ፋኖሱ ጠፋ። ስክሪኑ ጠቆረና ከመካከሉ «ጌም ኦቨር» የሚሉት ነጫጭ ፊደላት ብቻ ቀሩ።

ባሕሩ አልወጣም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያች ቅጽበት አጥብቄ ያየሁት ነገር የለም፤ ባሕሩ አልወጣም። ነገር ግን እዚያ እንዳለ፣ ይህ ሰው በልጅነቱ በዓይኑ እንዳየው፣ ስሜን እንደማውቅ አወቅሁ።

አጎቴ ማሽኑን አጠፋው። ፊደላቱ ወደ አንዲት ነጥብ ተሰብስበው ከሰሙ። ጣቱን በሌላው እጁ ጨብጦ ያሸው ጀመር። በሩ ተከፈተና ኃላፊው መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። የሚለጠፉ ጽሑፎችን የምንልጥበትን ቀጭን ምላጭ ይዘዋል።

«እህስ፣ ባሕሩ?»

«ወጣ» አለ አጎቴ ወደ እሳቸው ሳይዞር።

«ፎቶውስ?»

«ፎቶው አልደረሰም። ጣቴ አልቆም ስላለኝ አንዳፍታ ብልጭ ብሎ ጠፋ። እሷ ግን አይታዋለች።»

ኃላፊው ምንም አልተጠራጠሩም። ምላጩን በእጃቸው እንደ ያዙ ወደ ግድግዳው ሁለት እርምጃ ከሄዱ በኋላ፣ ለወጉ ያህል፣ ወደ እኔ ዞር ብለው ጠበቁኝ።

አጎቴም ዞረ። ፊቱ ላይ የቤታችን ሳቅ አልነበረም።

«ንገሪያቸው እንጂ፣ ልጄ።»

ካሜራው ላይ የነበረው ጣቴ አልተነሣም። ኃላፊው መነጽራቸውን አወረዱ።

«ልጄ» አለ አጎቴ ደግሞ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «አየሁት በያቸው።»