የዳርማጂ ጀርባ

ባሌ ዳርማጂ ባለፈው የመንደር አለቃ ምርጫ ተሸንፎ ከርሟል። ዘንድሮም ከተሸነፈ ዳግም ከቤት እንደማይወጣ ማለልኝ። ቀኑን ሙሉ እቤት የሚውል ዳርማጂን ደግሞ እኔ አልችለውም፤ ስለዚህ እንዲያሸንፍ ከሱ ይልቅ የምፈልገው እኔ ነበርኩ።

በምርጫው ዋዜማ «ንፋስ ገብቶብኛል፣ ጀርባዬን ፋቂልኝ» ብሎ በሆዱ ተዘረጋ። በኛ ዘንድ ንፋስ የገባበት ሰው ጀርባው ዘይት ተቀብቶ በሳንቲም ጠርዝ ይፋቃል። ሳንቲሙን ስፈልግ፣ የቅርንፉድ ቅጠል እያፈላች ዘይት የምታወጣው ጎረቤታችን ሩክሚ ትንሽ ጠርሙስ ይዛ መጣች።

«ይኼ ብቻውን ገላ አይነካም» አለችኝ። «ሁለት ጠብታ በአንድ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት። ቅርንፉዱ ኃይለኛ ነው፤ ኮኮናቱ ነው አለስልሶ፣ ተሸክሞ ገላ ላይ የሚያደርሰው።»

ዳርማጂ ቀና አለ። «የኮኮናት ዘይት? እኔ የሚጠበስ ሙዝ ነኝ እንዴ? ቅልቅሉን ለተፎካካሪዬ ለዋግዮ ስጡት! የነገ አለቃ ንጹሑን ነው የሚቀባው።»

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ይልጥሃል!» አልኩት።

«አንቺ ዝም ብለሽ ፋቂ!»

እኔስ ምን ቸገረኝ፣ ጠርሙሱን ገልብጬ ቀባሁት፤ ፋቅሁት። ጩኸቱን ተፎካካሪው ዋግዮ እቤቱ ሆኖ ሳይሰማው አልቀረም። ሲነጋ ጀርባው ተልጦ፣ ሸሚዝ ሲነካው ይዘል ነበር።

በኛ መንደር ደግሞ ተወዳዳሪዎች መራጩ እስኪያልቅ መድረክ ላይ ወንበር ይዘው መታየት አለባቸው። ዋግዮ ገና በረፋዱ ወንበሩ ላይ ተንፈላሰሰ። የኔው ጉድ ግን እንደ ችካል ቀጥ ብሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ዋለ። ሳየው አንጀቴን በላው።

«አየሽው? አንዴ እንኳ ደገፍ አላለም!» አለች ከፊቴ የተሰለፈች ሴት። «ሰው አክባሪ!»

«ያኛውማ ሳይሾም ተኛ» አለቻት ጓደኛዋ።

አሸነፈ! መንደሩ በሙሉ መድረኩ ላይ ወጥቶ ጀርባውን በደስታ ይደበድበው ጀመር። ዳርማጂ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ለኛ ብሎ አለቀሰ እኮ!» አሉ ሽማግሌዎቹ፤ እነሱም አለቀሱ።

ማታ ግቢያችን በእንግዳ ሞልቶ እየተበላ ሳለ፣ አለቃውን ጓዳ ውስጥ በሆዱ ተኝቶ አገኘሁት።

«የኔ እመቤት» አለኝ፤ ከተጋባን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። «ያ የኮኮናት ዘይት... ትንሽ ብትቀቢኝ?»

«አልቋል» አልኩት። «ለእንግዶችህ ሙዝ ጠበስኩበት።»