ውሃ የማይደፍረው ወረቀት

ፍሥሐ የምክትል ሥራ አስኪያጅነቱ ወንበር ለእሱ እንደተሠራ ካመነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የገበያ ክፍል ኃላፊ መሆን እምብዛም አያደክምም፤ ብርዱ ራሱ ይሸጥለታል። እሱ ግን አንድም ቀን ብርዱን አመስግኖ አያውቅም። ዋና ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘርአ ዳዊት «የአንኮበሩን ባዛር አሳምርና ስለ ሹመትህ እንነጋገራለን» ካሉት ወዲህማ ደረቱን ነፍቶ መሄድ ጀምሯል።

ያሳሰበው ጉሙ ብቻ ነበር። ባለፈው ዓመት የአንኮበር ጉም በራሪ ወረቀቶቹን ገንፎ አድርጎበታል። ዘንድሮ ግን መላ አገኘ፦ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ የማይርስና የማይቀደድ ወረቀት። በስብሰባ መሀል ውሃ የሞላ ሳፋ አስመጣና ናሙናውን ነከረው፤ አወጣው፣ ጨመደደው፣ በጥርሱ ሳይቀር ጎተተው። ወረቀቱ ምንም አልሆነም። ተጨበጨበለት። ሳፋው ብቻ ቢሾም ይሻል ነበር፤ እሱ ቢያንስ ዝም ይላል።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሀፊዛ ናሙናውን በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ ቅር አላት።

«ጋሽ ፍሥሐ፣ ይኼ ቀለም አይጠጣም። የእኔ ማሽን ያትመዋል፤ የእናንተ የቢሮ ማኅተም ግን አይይዝበትም።»

በራሪ ወረቀቱን ይዞ የመጣ ሁሉ ቅናሽ ስለሚያገኝ እያንዳንዱ ወረቀት ማኅተም ሊያርፍበት ግድ ነበር።

«ከፈለጋችሁ ማኅተሙን ከጽሑፉ ጋር አብሬ ላትመው» አለች።

ፍሥሐ እንደ ሌባ ገላመጣት። «ፎርጅድ ልታሠሪኝ ነው? ማኅተም በእጅ ነው የሚመታው!»

«እንግዲያው አንዱ ላይ መትተው ይሞክሩት። ወላሂ በኋላ ይቆጭዎታል።»

«በውሃ ፈትኜዋለሁ እኮ!» ብሎ ወጣ። ውሃ ያለፈ ነገር ሁሉን ያለፈ መስሎታል።

ወረቀቱ ታትሞ መጣ፤ ያምራል። ከባዛሩ በፊት ባለው ቀን መዝገብ ቤት የምትሠራው ወለተ ጊዮርጊስ፣ ማኅተሙን ለማንም የማትሰጠው ሴት፣ መምታት ጀመረች። ሐምራዊው ክብ ወረቀቱ ላይ ቁጭ አለ እንጂ አልገባም። በጣቷ ብትነካው ጅራት አወጣ።

«ጠንከር አድርገሽ ምቺው!» አለ ፍሥሐ።

ጠንከር አድርጋ መታችው። የአንዱ ማኅተም በሌላው ጀርባ ላይ ተገለበጠ። ሀፊዛ ጋ መደወል ለፍሥሐ ሞት መሰለው። «መንገድ ላይ ይደርቃል» ብሎ አስጫነው።

አንኮበር ጉሙ እስከ አፍንጫ ወርዷል። ወረቀቱ ኮራ ብሎ ቆመ፤ አንዲት ፊደል አልለቀቀችም። ከአሊዩ አምባ ዳገቱን ሽቅብ ወጥተው የመጡት ነጋዴ ጋሽ አብዱልጀሊል አንዱን ተቀብለው፣ አንብበው፣ ደስ ብሏቸው ወደ ገንዘብ ተቀባዩ ወልደአረጋይ ሄዱ።

ወልደአረጋይ ወረቀቱን አገላበጠ። «ማኅተም የለውም።»

ጋሽ አብዱልጀሊል መዳፋቸውን ዘረጉ። ማኅተሙ እዚያ ላይ፣ ተገልብጦ። «ይኸውልህ!»

«አባቴ፣ እጅዎን ፋይል ላደርገው አልችልም።»

ሰልፈኛው ሳቀ። ጋሽ አብዱልጀሊል ተናደው «እስቲ ዕቃችሁ እንኳ ደህና እንደሆነ ልይ» እያሉ የተሰቀለውን ነጭ ብርድ ልብስ ዳበሱት። ከኋላቸው ያሉትም ዳበሱ። እኩለ ቀን ላይ ነጭ የሚባል ብርድ ልብስ አልቀረም፤ ሁሉም ሐምራዊ የጣት አሻራ ፈርሞበታል። ፍሥሐ አፈረ፤ መሬት ብትውጠው በወደደ። ከሁሉም በላይ ግን ሀፊዛን ጠላት፤ እውነቷን ነበርና።

አቶ ዘርአ ዳዊት መጡ። ብርድ ልብሶቹን አዩ፣ ከመሬት አንድ በራሪ ወረቀት አንስተው አራገፉ። «ወረቀቱስ ደህና ነው» አሉና መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

በሳምንቱ ፍሥሐ ደብዳቤ ደረሰው፦ ሰላ ድንጋይ፣ የሱፍ መሰብሰቢያ መጋዘን፣ ረዳት። መናኸሪያ ሲደርስ ዝናብ ጣለበት። ደብዳቤው ተራ ወረቀት ነው፤ ከራሰ ደግሞ እዚያ የሚቀበለው የለም። ቦርሳውን በረበረ፤ አንድ የተረፈ በራሪ ወረቀት አገኘ። ደብዳቤውን በእሱ ጠቀለለው።

ሰላ ድንጋይ የገባው እስከ ካልሲው ርሶ ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ ጥቅልሉን ፈቱና ከሁሉ በፊት የደብዳቤውን ማኅተም አዩ።

«ጥርት ያለ ነው» አሉት። «ግባ።»