ከኮመጠጠው ወተት አጠገብ የተለካው ቺፕ

የቤተ ሙከራችን ሠራተኞች ምሳ የሚያስቀምጡበት ማቀዝቀዣ ከሩቅ ይሸታል። ሁሉም ያማርራል፤ ማንም አያጥበውም። ማክሰኞ ዕለት ምሳዬን ላስገባ ስጠጋ፣ ከበሩ ጎማ ሥር አንድ ቀጭን ቀይ ሽቦ ሾልኮ ወጥቶ አየሁ። በዓይኔ ተከተልኩት፤ መጨረሻው የእኔው የኃይል መለኪያ ላይ ነበር።

በሩን ስከፍተው ሽታው ፊቴን መታኝ። የኮመጠጠ ወተት፣ ጠርዙ የጠቆረ ግማሽ ሽንኩርት፣ ፀጉር የመሰለ ሻጋታ ያበቀለ ሣህን። በመሀላቸው፣ የሚያጣብቅ ነገር በፈሰሰበት መደርደሪያ ላይ፣ ሦስት ወር የደከምኩበት ቺፕ ከተገጠመበት ሰሌዳ ጋር ተጋድሟል።

ይህ ቺፕ ተሠርቶ ካለቀ በኋላም የውስጥ መስመሮቹ እንደገና ይደራጃሉ። የእኔ ሥራ በጊዜው የማያስፈልጉትን ክፍሎች እያጠፋ ኃይል እንዲቆጥብ ማድረግ ነው። አሥራ ስምንት በመቶ አስቆጥቤዋለሁ። ገዢዎቹ የጠየቁት ግን ሠላሳ ነው። ቺፑ የሚገባው የልብ ሕመምተኞች ደረታቸው ላይ በሚያስሩት መቆጣጠሪያ ውስጥ ነው፤ ባትሪው ስምንት ሰዓት ካልቆየ፣ ልብ ቢቆም የሚጮህ ነገር አይኖርም።

የመለኪያውን ቁጥር አሰላሁት፤ ሠላሳ አንድ በመቶ። አልገረመኝም። ቺፕ ሥራ ፈቶም እንደ ላላ ቧንቧ ኃይል ያንጠባጥባል፤ ሲሞቅ ይብስበታል፣ ሲቀዘቅዝ ይቀንስለታል።

«አየሽልኝ?» አለ ከኋላዬ የክፍሉ ኃላፊ። የታላቅ እህቴ ባል ነው። ወላጆቻችን ሲሞቱ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሠላሳ አንድ ነዋ! ቅጹን ፈርሚና ለገዢዎቹ እንላከው።»

«በአራት ዲግሪ?»

«ቅጹ ላይ ስለ ሙቀት የሚጠይቅ ቦታ አለ? የለም።»

«ሕመምተኛው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው እንዴ የሚተኛው?»

«አንቺ ደግሞ፣ ፀጉር ስንጠቃሽን ተይው!» ሳቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል፣ እታለም። ውሉ ፈርሶ እኔ ከዚህ ወንበር ብነሣ የምታለቅሰው እህትሽ ናት።»

የማቀዝቀዣውን በር ገፍቼ ዘጋሁት።

ቅጹን ተቀብዬ ሠላሳ አንድ ብዬ ሞላሁ። ከሥሩም «የተለካው በአራት ዲግሪ፣ በምሳ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከኮመጠጠ ወተት አጠገብ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

አነበበው። «ይሄን ነው የምልከው?»

«የፈረምኩት እውነቱን ነው። ካልወደድከው በሰው ገላ ሙቀት ለክቼ ሌላ እፈርማለሁ።»

«ያሳደግኩት እባብ!» ቅጹን ቀዶ ወጣ።

ሰሌዳውን በአልኮል ሁለቴ ጠረግኩት፤ ሽታው አልለቀቀም። በስስ ጨርቅ ጠቅልዬ ከነሽቦው ከሹራቤ ሥር ደረቴ ላይ አሰርኩትና እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። አብሬ ያሰርኩት ቴርሞሜትር ሠላሳ ስድስት ላይ ሲቆም መለኪያውን አነበብኩ። ሦስቴ ደጋገምኩት። አሥራ አንድ በመቶ።

አሥራ ስምንት አይደለም። ያን የኮራሁበትን ቁጥር የለካሁት አየር ማቀዝቀዣው በቀጥታ በሚነፍስበት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። የእኔም ማቀዝቀዣ ነበረኝ፤ አይሸትም እንጂ።

በአዲስ ቅጽ ላይ በእጄ መስመር አስምሬ «ሙቀት» የሚል ቦታ ጨመርኩ። ሠላሳ ስድስት። ቁጠባ፣ አሥራ አንድ። ባትሪው የሚቆየው ስድስት ሰዓት ከሩብ። ፈርሜ በቀጥታ ለገዢዎቹ ላክሁት።

ስልኬ ጠራ፤ እህቴ ናት። ሳነሣው እያለቀሰች ነበር። ጎንበስ ስል ከአንገትጌዬ ሥር የኮመጠጠ ወተት ሸተተኝ።