የኤሚል ካርዶች ጠርዝ

በለመር የድሮ ካርድ ሱቅ ውስጥ፣ በስተኋላ በኩል፣ የእኔ የምትባል ጠረጴዛ አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እቀመጥባታለሁ። የሸሚዝ ፋብሪካው ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቅ አስቆርጦኝ ሲዘጋ ዓይኔና ጣቴ ሥራ ፈቱ። ያን ጊዜ ነው ለመር፣ "ኢርማ፣ የተቆረጠ ነገር ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ነይና የካርድ ጠርዝ እይልኝ" ብሎ የጠራኝ። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ሰዉ ከሟች አጎቱ ሣጥን ያገኘውን፣ የተጫዋች ሥዕል ያለበትን የድሮ የቤዝቦል ካርድ ይዞ ይመጣል። እኔ ደግሞ የትኛው ደረጃ እንዲሰጠው ካሊፎርኒያ ላለው ድርጅት እንደሚላክ፣ የትኛው እቤት እንደሚቀር እነግረዋለሁ።

ነገሩ ከባድ አይደለም ልጆቼ። ድርጅቱ ለእያንዳንዷ ካርድ ያስከፍላል፤ መርምሮ ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር ይሰጥና በጠንካራ ፕላስቲክ አሽጎ ይመልሳል። ስለዚህ ያረጀ ሁሉ አይላክም። የታጠፈ ይቀራል። ሥዕሉ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ይቀራል። ተጫዋቹን የሚያስታውሰው ሰው ከሌለ፣ ካርዱ እንደ መስታወት ቢያበራም ይቀራል። ከሁሉ የከፋው ግን የተከረከመው ነው። አንድ ሰው የተላላጠ ጠርዙን ቆርጦ አዲስ ያስመሰለው ካርድ ቁጥር አይሰጠውም። "ተነክቷል" ተብሎ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ፣ የወንድሜ የኤሚል ልጅ ጆርጂን የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፋ ገባች።

"አክስቴ፣ ቁጭ ብለሻል አይደል?"

"እዚህ ቆሜ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?"

ክዳኑን ከፈተችው። በሰም ወረቀት የተጠቀለሉ ካርዶች ናቸው። ከላይ ያለውን ገለጥ ሳደርግ ወዲያው ለየኋቸው። የኤሚል ካርዶች ናቸው። ገና በሰማንያዎቹ፣ የድሮ ካርድ ዋጋ ማውጣት ሲጀምር፣ "ያንተዎቹስ የት ደረሱ?" ብዬ ጠይቄው፣ "የሰባ ሁለቱ ጎርፍ ወሰዳቸው" ብሎኝ ነበር። አምኜው ኖሬአለሁ። እንዲያውም አንድ ማታ አልቅሼላቸዋለሁ። አሁን ግን ጠብታ ውኃ ሳይነካቸው ፊቴ ተቀምጠዋል።

"ከየት አመጣሻቸው?"

"ከቁም ሣጥኑ፣ ከበረዶ ጫማው ኋላ። አባዬ አያውቅም።" ጆርጂን ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሐሙስ ዕለት ደግሞ ከደረጃው ወደቀ። ሦስተኛው ነው። ሐኪሙ ከኅዳሩ የምስጋና በዓል በፊት ወይ ታች ሽንት ቤትና መታጠቢያ ይሠራለት፣ ወይ መጦሪያ ይግባ ብሏል። እኔ ደግሞ የምሠራበት የለኝም። እነዚህ ብቻ ናቸው።"

ኤሚልን ታውቁት ይሆናል፤ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፣ መጦሪያ የሚለውን ቃል ሲሰማ ቴሌቪዥኑ ላይ ይጮኻል። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ እኔ ጋ ና ብዬ ስንት ዓመት ለምኜዋለሁ። የእኔ ቤት ፎቅ የለውም። "አልመጣም" ይላል። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ "ድመትሽን አልወዳትም።" በቃ።

ለመር ከባንኮኒው ተንጠራርቶ አየ። "ሮስኮ ዳንሊ ነው እንዴ እሱ? የሃምሳ ሁለቱ?"

ነበር። ኳስ ወርዋሪው ዳንሊ፣ የመጀመሪያ ዓመት ካርዱ። ለመር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ይኼ ሰባት ቁጥር ቢያገኝ፣ ጆርጂን፣ አባትሽ መታጠቢያ ቤት ከነገንዳው ተሠርቶለት ለፎጣም ይተርፈዋል።"

ጆርጂን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ መብራቱን ሳብኩ።

ማዕዘኖቹ እንደ መርፌ ናቸው። እዚህ ላይ ደስ ሊለኝ ሲገባ መብራቱን ይበልጥ አስጠጋሁ። ፊቱ ላይ ያለው ቀለም የለበሰውን ዕድሜ ያሳያል፤ ጠርዙ ግን ትናንት የተወለደ ነው። ፊቱ አሮጌ፣ ጠርዙ ልጅ የሆነ ካርድ እዚህ ስንት አይቻለሁ። ከለመር መሳቢያ የዚያው ዓመት ሌላ ካርድ አውጥቼ ደረብኩበት። የኤሚል በፀጉር ስፋት አነሰ። ሁለተኛውን ደረብኩ፣ አነሰ። አምስተኛው፣ አሥረኛው፣ ሁሉም። አርባ ስምንት ካርድ፣ አንድም ያልተነካ የለም።

"ማን ነው እንዲህ የሚያደርግ?" አለ ለመር ቀስ ብሎ።

ማጉያ መነጽሩን ዳንሊ ላይ አደረግኩ። ረጅሙ ጠርዝ ላይ፣ ከመሐሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ጥርስ አለች። ቀጣዩንም አየሁ፤ እዚያው ቦታ ላይ አለች። ሦስተኛውም ላይ። መነጽሩን አስቀመጥኩት።

ያቺን ጥርስ አውቃታለሁ። አባታችን የእናታችንን የልብስ መቀስ ወስዶ የዶሮ አጥር ሽቦ ቆርጦበት ስለቱ ተሸርፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ መቀስ በቆረጠው ነገር ሁሉ ላይ ያቺን ጥርስ ትቶ ያልፋል። አሁንም እኔ ወጥ ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ አለ።

"አክስቴ፣ ከንፈርሽ ነጣ" አለች ጆርጂን።

"ተከርክመዋል።"

"ማን ከረከማቸው?"

"እኔ።"

ለመር ሊስቅ ጀምሮ ፊቴን አይቶ ተወው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኤሚል ወታደር ሆኖ ጀርመን ሄዷል። ካርዶቹን ከጓደኞቹ ጋር ግድግዳ ላይ እየወረወረ ሲጫወትባቸው ጠርዛቸው እንደ ጥጥ ተበጣጥሷል። እናቴ የተተረተረ ጨርቅ እንዴት በቀጥታ እንደሚከረከም ያስተማረችኝ ያን ሰሞን ነው። ሲመለስ ደስ እንዲለው ብዬ አንድ ሙሉ ቀን ምላሴን ነክሼ አርባ ስምንቱንም አስተካከልኳቸው። ሲመጣ አልጋው ላይ ደርድሬ ከበሩ ኋላ ቆምኩ። ብዙ አያቸው። ከዚያ ወደ ላይ አንሥቶኝ፣ "አዲስ መሰሉ" አለ። ይኸው ነው የማስታውሰው። ደስታውን። በዚህ ጠረጴዛ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ስንቱን ከርካሚ ስረግም፣ አንድም ቀን የራሴ መቀስ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

"ዳንሊውን ብቻ እንላከው" አለ ለመር፣ ዓይኔን ሳያይ። "አንዳንዴ ሳያዩት ያልፋሉ።"

"እኔ ካየሁት እነሱም ያዩታል። ባያዩትስ፣ ከዚህ ወንበር ላይ ተነሥቼ የት ልቀመጥ ነው?"

ቆርቆሮውን ይዤ ኤሚል ጋ ሄድኩ። ሶፋው ላይ ነው፤ ጉልበቱ ላይ በረዶ አስሮ ድንች የተሞላ ፒሮጊውን በሹካ ይወጋል። ቆርቆሮውን ሲያይ ሹካው ቆመ።

"ጆርጂን ናት አይደል? ያቺ ልጅ አፍንጫዋ የአይጥ ነው።"

"ጎርፍ ወሰዳቸው አላልክም?"

"ወሰዳቸው። መለሳቸው።"

"ኤሚል። ታውቅ ነበር?"

ሰሃኑን አስቀመጠ። "የመጣሁ ቀን ነዋ። በዚያን ጊዜማ ምንም አልነበሩም፣ የልጅ ካርድ ናቸው። አንቺ ግን ከበሩ ኋላ ሆነሽ አንድ ዓይንሽ ብቻ ይታያል። ምን እንድልሽ ነበር?"

"በኋላስ? ዋጋ ሲያወጡስ?"

"በኋላማ የባሰ ሆነ። ስትሰሚ ምን እንደምትሆኚ አውቃለሁ። ይኸው፣ አሁን ምን እንደመሰልሽ መስታወት እይ።"

እሱ ቦርሳውን አውጥቶ አራት ቦታ የታጠፈ፣ ላብ ያቀለመው አንድ ካርድ ሰጠኝ። ሌላ ዳንሊ ነው። "ይቺ ከእኔ ጋር ጀርመን ነበረች፤ አልደረስሽባትም። ጠረጴዛሽ ላይ ብመጣ ምን ትዪኛለሽ?"

አየሁት። ጠርዙ ደህና ነበር፤ ሌላው ሁሉ ደቅቋል። "አትላክ እልሃለሁ።"

"ታዲያ እኔስ ስለ መጦሪያው ስንት ዓመት ሙሉ ምን ስል ኖርኩ?" ብሎ ሳቀ። መስኮቱ ላይ ዝናብ ነበር።

"እንግዲህ መታጠቢያ ቤቱ አይሠራልህም" አልኩት። "እኔ አጠፋሁት።"

"አንቺ ጋ ታች አይደል መታጠቢያው?"

"ስንት ዓመት ለመንኩህ እኮ። ድመቷን አልወድም አልክ።"

"ድመቷ ምን አደረገችኝ።" ወደ ቆርቆሮው በአገጩ ጠቆመ። "አንቺ ቤት እሱን የት እደብቀው ነበር? አንቺ እንደሁ መሳቢያ ሳትከፍቺ አታድሪም።"

ተቀመጥኩ። ከዚያ ጠዋት ከሰማሁት ሁሉ የከበደኝ ይኼ ነው። ሦስት ጊዜ ከደረጃ የወደቀው፣ ብቻውን ሾርባ ያሞቀው፣ በእኔ መቀስ እንዳላፍር ብሎ ነው።

"መቀሱ አሁንም አለ?" አለኝ።

"አለ።"

"እሱን ለለመር ስጪውና እመጣለሁ። ጆሮዬ እንዳለ ይሁንልኝ፣ ተኝቼ እንድትከረክሚው አልፈልግም።"

የምስጋና በዓል ሳይደርስ በሁለት ሻንጣ ገባ። መቀሱ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ካርድ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ስለቱን አሳየዋለሁ። የከረከምኩትን ዳንሊ ኤሚል ራሱ ማቀዝቀዣችን በር ላይ በማግኔት ለጠፈው። ለመር እራት ሲመጣ፣ ያን የጠፋ ዋጋ ላለማየት ዓይኑን ሸፍኖ ነው ወተት የሚያወጣው።